በቫቲካን አጥር ውስጥ ያለው የሐበሾች እስጢፋኖስ የማን ነበር?

ጥያቄው፦ «ሮም ለጉብኝት ሄጄ ነበር። አስጎብኚያችን ከቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ጀርባ ‹የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ› የሚባል ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን እንዳለ ነገረን፤ መግባት ግን አልቻልንም። ቤት ተመልሼ ሳወራ አጎቴ ‹የኛ የኦርቶዶክሶች ነበር፣ ካቶሊኮች ቀሙን› አለ። የአክስቴ ልጅ ደግሞ ‹ድሮም የካቶሊክ ነው› ብሎ ተከራከረው። እውነቱ የቱ ነው? እዚያ የነበሩት መነኮሳት ኦርቶዶክስ ነበሩ ወይስ ካቶሊክ?»

እህቴ፣ አጭሩን መልስ አስቀድሜ ልንገርሽ። ሕንጻውን የቀማን የለም። እኛ ከመሄዳችን በፊት የሮማ ቤተ ክርስቲያን ነበር፣ ዛሬም የሷ ነው። ውስጡ የጸለዩት ሐበሾች ግን፣ የመጀመሪያዎቹ በተለይ፣ ከአገራቸው የተዋሕዶ መነኮሳት ሆነው የወጡ ናቸው። ነገሩ የተለወጠው ቀስ እያለ ነው። በአንድ አዋጅ ወይም በአንድ ቀን አይደለም። ስለዚህ አጎትሽም የአክስትሽ ልጅም የያዙት ነገር አለ፤ የጎደላቸው መሃሉ ነው። እኔ የግእዝ ጽሑፎችን ታሪክ ነው የማጠናው፣ ይህ ቤት ደግሞ በየመንገዱ የሚገጥመኝ ቤት ነው። ትንሽ ባረዝመው ታገሺኝ። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ከቦታው ልጀምር። ቤተ ክርስቲያኑ ከቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ በስተጀርባ ነው ያለው፣ ከባዚሊካው የኋላ ግድግዳ ብዙም አይርቅም። የመካከለኛው ዘመን ስሙ ሳንቶ ስቴፋኖ ማጆሬ ነበር፣ ትልቁ ቅዱስ እስጢፋኖስ እንደማለት። «ትልቁ» የተባለው እዚያው አካባቢ ትንሹ እስጢፋኖስ የሚባል ሌላ ስለነበረ ነው። አሁን የምናየው ግዙፍ ባዚሊካ ከመሠራቱ በፊት፣ በቆስጠንጢኖስ ዘመን በተሠራው በአሮጌው ባዚሊካ ዙሪያ አራት ገዳማት ነበሩ። ሥራቸው በጴጥሮስ መቃብር ላይ የሌሊቱና የቀኑ ጸሎት እንዳይቋረጥ ተራ ገብተው መቆም ነበር። የኛን አገር ሰዓታት ቋሚዎች ብታስቢ ነገሩ ወዲያው ይገባሻል። ከነዚህ አራት ገዳማት አንዱ ይህ እስጢፋኖስ ነው። አዲሱ ባዚሊካ በ1506 ሲጀመርና ከዚያ ወዲህ አካባቢው ደረጃ በደረጃ ሲታደስ በዙሪያው የነበረው ብዙ ነገር ፈረሰ። ትንሹ እስጢፋኖስም በ1776 ፈርሶ ቦታው ለዕቃ ቤት ዋለ። ትልቁ ግን ተረፈ።

ማን ሠራው ለሚለው፣ የቆየው ትውፊት ወደ ጳጳስ ልዮን 1ኛ ዘመን ይመልሰዋል። ከ440 እስከ 461 የነበረው ማለት ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም፣ ምክንያቱም ይህን ስም የኛ ሊቃውንት በደንብ ያውቁታል። በ451 በኬልቄዶን ጉባኤ የተነበበው «ጦማረ ልዮን»፣ የልዮን ደብዳቤ ማለት ነው፣ የዚሁ ሰው ነው። ያ ጉባኤ ነው የእስክንድርያውን ዲዮስቆሮስን ከመንበሩ ያወረደው፤ ያ ጉባኤ ነው እኛንና ሮምን የለያየው። እኛ በየዓመቱ መስከረም 7 ዲዮስቆሮስን እናስባለን። በሮም ደግሞ ልዮን «ታላቁ» ይባላል። እና ከሺህ ዓመት በኋላ፣ በእምነታቸው የዲዮስቆሮስ ልጆች የሆኑ መነኮሳት ከደጋው አገር ተነስተው፣ ከልዮን ዘመን ነው በሚባል ቤት ውስጥ በግእዝ ይቀድሱ ነበር። እኔን ወደዚህ ቤት ታሪክ የሳበኝ መጀመሪያ ይኸው ነው።

በኋላ ልዮን 3ኛ፣ ከ795 እስከ 816 የነበረው፣ እንደገና አሠራው። በ12ኛው ክፍለ ዘመን ጳጳስ እስክንድር 3ኛ ገዳሙን ደግፏል። ዛሬም የሚታየው የእብነ በረድ የበር ክፈፍ ከዚያ ዘመን የቀረ ነው፣ ከላዩ መስቀል የያዘ በግ ተቀርጾበታል። የሐበሻ እግር የረገጠው ይህንን በር ነው፤ ከዚያ በፊት በነበሩት መቶ ዓመታት የረገጡት ላቲን መነኮሳት ናቸው። ስለዚህ «ቀሙን» የሚለው ቃል እዚህ ላይ አይሠራም። ከዴር ሱልጣን ጋር የሚያመሳስሉትም አሉ። አይመሳሰልም። በኢየሩሳሌም ያለው የይዞታ ክርክር ነው፣ እኔ ነኝ ባለቤት፣ አንተ ነህ የሚል። እዚህ የነበርነው በእንግድነት ነው፣ የተከበረ እንግድነት።

ታዲያ ሐበሾች እዚያ ምን አመጣቸው? የመጀመሪያው መልስ ስእለትና ቅዱሳት መካናትን መሳለም ነው። የኛ ሰው ሐምሌ 5 የጴጥሮስ ወጳውሎስን በዓል ከጥንት ጀምሮ ያውቃል። ኢየሩሳሌም የደረሰ መነኩሴ ቆጵሮስን አልፎ፣ ቬኒስ ወርዶ፣ በእግሩ ሮም መግባት ይችል ነበር። ከዚያም አልፈው እስፔን ድረስ፣ ወደ ቅዱስ ያዕቆብ መቃብር የሄዱ አሉ። ሁለተኛው ምክንያት የቤተ መንግሥት ጉዳይ ነው፤ በ1402 የዐፄ ዳዊት መልእክተኞች ቬኒስ ደርሰዋል፣ ነብሮችም ይዘው ነበር። ግን ነገሥታቱ ከመላካቸው ጎን ለጎን፣ ማንም ሳይልካቸው በራሳቸው እግር የመጡት መነኮሳት ናቸው የዚህን ቤት ታሪክ የሠሩት። ለኔ ትልቁ ነገር ይህ ነው።

ከዚያ 1441 መጣ። የጥያቄሽ ቁልፍ ያለው እዚህ ጋ ስለሆነ ትንሽ በቀስታ እንሂድ። ጳጳስ ኤውጄኒዮስ 4ኛ የተከፋፈሉትን አብያተ ክርስቲያናት አንድ አደርጋለሁ ብሎ በፍሎረንስ ጉባኤ ይዞ ነበር። አልቤርቶ የሚባል የፍራንቸስኮ ማኅበር መነኩሴ ወደ ምሥራቅ ላከ። አልቤርቶ ኢየሩሳሌም ላይ የኢትዮጵያውያኑን አበምኔት አባ ኒቆዲሞስን አገኘ። ኒቆዲሞስ ሰዎች ላከ፣ ዲያቆን ጴጥሮስም ከነሱ አንዱ ነበር። ግን የኒቆዲሞስን መልእክት ልብ ብለሽ እይው፤ ያለ ንጉሡ ፈቃድ እኔ ምንም መወሰን አልችልም ነው ያለው። ንጉሡ ደግሞ ዘርዐ ያዕቆብ ነው። ቀልድ የማያውቅ ንጉሥ፣ በሃይማኖት ጉዳይ በተለይ። መልእክተኞቹን ፍሎረንስ ላይ በክብር ተቀበሏቸው፣ ከዚያም ሮም ገብተው ቅዱሳት መካናቱን ተሳለሙ። አውሮፓውያኑ ንጉሣቸውን «ቄስ ዮሐንስ» እያሉ ሲጠሩባቸው፣ የለም፣ ንጉሣችን ዘርዐ ያዕቆብ ነው ብለው አርመዋል። አውሮፓ ግን አልሰማቸውም፣ ከዚያም በኋላ ለረጅም ጊዜ ቄስ ዮሐንስ ማለቱን ቀጠለ።

የጉባኤው መጨረሻ ምን ሆነ? በ1442 መጀመሪያ ከግብጻውያን ጋር የአንድነት ውሳኔ ወጣ። ሮም ኢትዮጵያውያኑንም ከዚያው ጋር አብራ ቆጠረች። አገር ቤት ግን ማንም አልተስማማም፣ ዘርዐ ያዕቆብ አልፈረመም፣ ሊቃውንቱ አልመከሩበትም፣ ጳጳስ እንደ ወትሮው ከእስክንድርያ መምጣቱን ቀጠለ። ይህ እንግዲህ ትልቁ ቋጠሮ ነው። በሮም መዝገብ ሐበሾች «የተመለሱ ወንድሞች» ሆኑ። በራሳቸው ዓይን ደግሞ ትናንት የነበሩት ናቸው። ሁለቱም ወገን በአንድ ጣሪያ ሥር፣ እያንዳንዱ በራሱ አረዳድ፣ ለመቶ ዓመት ያህል በሰላም ኖሩ።

ቤቱ የተሰጣቸው በዚህ ሁኔታ ላይ ነው። ጊዜው ወደ 1480 አካባቢ፣ ጳጳሱ ሲክስቶስ 4ኛ። የሲስቲና ጸሎት ቤት በስሙ የሚጠራው እሱ ራሱ ነው። የተጎሳቆለውን እስጢፋኖስ አሳድሶ ከጎኑ ካለው ማረፊያ ጋር ለሐበሾቹ ተሳላሚዎች ሰጠ። ከዚያ ወዲህ የቤቱ ስም ሳንቶ ስቴፋኖ ዴሊ አቢሲኒ ሆነ፤ ሳንቶ ስቴፋኖ ዴይ ሞሪ፣ «የጥቁሮቹ እስጢፋኖስ»ም ይባላል። ማረፊያ ብቻ አይደለም የተሰጣቸው። የራሳቸው ቅዳሴ የሚያደርሱበት መቅደስ ነው። ላቲን ተማሩ አልተባሉም። የእስጢፋኖስ መሆኑም ባዕድ አላደረጋቸውም መሰለኝ፤ እኛም ጥቅምት 17 ሹመቱን፣ ጥር 1 ሰማዕትነቱን የምናከብርለት ዲያቆን ነው።

ስለዚህ «የመካከለኛው ዘመን መነኮሳት ኦርቶዶክስ ነበሩ ወይስ ካቶሊክ?» ላልሽው፣ የ15ኛው ክፍለ ዘመኖቹን የጠየቅሽኝ ከሆነ፣ ኦርቶዶክስ ናቸው እላለሁ። የተጠመቁት፣ የመነኮሱት፣ ክህነት የተቀበሉት በተዋሕዶ ነው። ወደ አገራቸው ሲመለሱም ገዳማቸው የሚቀበላቸው እንደ ኢየሩሳሌም ተሳላሚ እንጂ እንደ ከዳተኛ አልነበረም። ሮም ደግሞ እንደ ካቶሊክ ቆጠረቻቸው እንጂ እንደ ዛሬው «ሃይማኖትህን ለውጥ፣ ፈርም» የሚል ነገር ከበሩ ላይ አልቆመም። ይህን የምለው ማንንም ለማስደሰት አይደለም። የሁለቱ ስሞች ድንበር ዛሬ በምናውቀው ጥራት የተሰመረው በኋላ ስለሆነ ነው።

አሁን ወደ 16ኛው ክፍለ ዘመን። እኔ በጣም የምወደው ክፍል ይህ ነው፣ ብዙ የምቆየውም እዚህ ነው። ዮሐንስ ፖትከን የሚባል ከኮሎኝ የመጣ ጀርመናዊ ካህን ሮም ላይ ሐበሾቹ ሲዘምሩ ሰማ። ቋንቋው ማረከው። ምን እንደሆነ ሲያጣራ ከለዳዊ ነው ብሎ ደመደመ፣ ስህተት ነው፣ ግን ስህተቱ በአውሮፓ ለብዙ ጊዜ ቆየ። ከመነኮሳቱ አንዱ፣ ቶማስ ወልደ ሳሙኤል የሚባለው፣ አስተማረው። በ1513 ሮም ውስጥ መዝሙረ ዳዊት በግእዝ ፊደል ታተመ። በዓለም ላይ በግእዝ የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ ነው። ብራና ፍቀን፣ ቀለም በጥብጠን በምንጽፍበት ዘመን፣ ዳዊታችን በእርሳስ ፊደል የተለቀመው ከዚያ ቤት በወጣ እውቀት ነው።

ከዚያ ተስፋ ጽዮን መጣ። የደብረ ሊባኖስ መነኩሴ ነው። ደብረ ሊባኖስ በ1531 በግራኝ ጦርነት ተቃጥላለች፤ ተስፋ ጽዮን ሮም የደረሰው በ1530ዎቹ ውስጥ ነው፣ አገሩ እየነደደ። ፈረንጆቹ ፔትሮ ኢንዲያኖ ይሉታል፣ «ህንዳዊው ጴጥሮስ»፣ በዚያ ዘመን ሕንድና ኢትዮጵያን ይደባልቁ ስለነበር። ይህ ሰው በሮም ከነበሩት ሐበሾች ሁሉ ሰፊ ስፍራ ያገኘ ነው። ጳጳስ ጳውሎስ 3ኛ ያውቀዋል፣ ካርዲናሎች ያማክሩታል፣ የኢየሱሳውያንን ማኅበር የመሠረተው ኢግናጥዮስ ሎዮላ ስለ ኢትዮጵያ ሲያስብ የጠየቀው እሱን ነው። ማርያኖ ቪቶሪ የሚባል ጣልያናዊ ከሱ ግእዝ ተምሮ በ1552 የግእዝ ሰዋስው አሳተመ፣ በአውሮፓ የመጀመሪያው ነው። ተስፋ ጽዮንም በዚያው ዓመት ሞተ፣ ገና በአርባዎቹ ውስጥ እያለ። የተቀበረው በእስጢፋኖስ ነው።

የሱ ትልቁ ሥራ ግን ሐዲስ ኪዳን ነው። ከጓደኞቹ ከተንሥአ ወልድና ከዘሥላሴ ጋር በ1548 እና በ1549 በግእዝ አሳተመው። አብያተ ክርስቲያናት ተቃጥለው፣ መጻሕፍት ጠፍተው ነበርና የግእዙ ሐዲስ ኪዳን እንዳይጠፋ ማሰቡ ይታየኛል። በመጽሐፉ ላይ ለአንባቢው የጻፈውን ይቅርታ ሳነብ አሁንም ልቤ ይነካል። አሳቡ እንዲህ ነው፤ አባቶቼና ወንድሞቼ፣ ስህተት ብታገኙ አትቀየሙን፣ ፊደሉን የለቀሙት ማንበብ አይችሉም፣ እኛ ደግሞ መልቀም አንችልም፣ እነሱ እኛን ረዱ፣ እኛም እነሱን፣ ዕውር ዕውርን እንደሚመራ። የሐዋርያት ሥራ ከፊሉ ከእጃቸው ቅጂ ስለጎደለ ከላቲንና ከግሪክ ወደ ግእዝ መልሰው ሞሉት። ሦስት ስደተኛ መነኮሳት፣ በሰው አገር፣ ግእዝ የማይቆጥሩ ሠራተኞች አጠገብ ቆመው አንድ አንድ ፊደል እያረሙ። እኔ ይህን ሥራ የየትኛውም ቤተ ክርስቲያን ብቻ አድርጌ ማየት አልችልም። ኦርቶዶክሱም ካቶሊኩም ሊኮራበት ይገባል።

ግን ተስፋ ጽዮን ራሱ ምን ነበር? እዚህ ላይ ከ15ኛው ክፍለ ዘመን ሰዎች ጋር አንድ አድርጌ አላየውም። ለጳጳሱ ሥልጣን እውቅና ይሰጣል፣ ከሮም ጋር አንድ ነኝ ብሎ ያምናል። በዚያው ልክ የአገሩን ሥርዓት ለመከላከል ይደክማል፤ የኛን የጥምቀትና የቅዳሴ ሥርዓት ወደ ላቲን አስተርጉሞ በ1549 አሳትሟል፣ ፈረንጆቹ «እነዚህ መናፍቃን ናቸው» እንዳይሉ መሆን አለበት። ፍርሃቱም ከንቱ አልነበረም። የዐፄ ልብነ ድንግል መልእክተኛ ጸጋ ዘአብ ሊዝበን ላይ ለዓመታት ቆይቶ ቁርባን ተከልክሏል። በ1534 የእምነቱን መግለጫ ጽፎ፣ ክርስቲያን ሆኜ ሳለሁ እንዴት እንዲህ ታደርጉኛላችሁ ብሎ አምርሮ ተናገረ። ሊዝበን የዘጋችውን በር ሮም በእስጢፋኖስ በኩል ክፍት አድርጋለች። በአንድ ዘመን፣ በአንድ የካቶሊክ ዓለም ውስጥ ሁለት የተለያየ አቀባበል ነው።

ከዚያ በኋላ ግን ሮምም ተለወጠች። የሉተር ነገር ከመጣ ወዲህ ካቶሊኩ ዓለም ማን የኔ ነው፣ ማን አይደለም የሚለውን በደንብ መለየት ጀመረ። ከ1545 እስከ 1563 የተካሄደው የትሬንት ጉባኤ ዋና ጉዳዩ ይኸው ነበር። በአገር ቤትም ዐፄ ገላውዴዎስ በ1555 የእምነት መግለጫውን ጽፎ፣ ቅዳሜን ማክበራችንና መገረዛችን የአባቶች ልማድ እንጂ አይሁድነት አይደለም ሲል መለሰ። ሁለቱም ወገን መስመር አሰመረ ማለት ነው። በሁለቱ መሃል ሳይጨነቅ መኖር የሚቻልበት ዘመን አበቃ። እስጢፋኖስ ውስጥ የሚኖር መነኩሴ ከዚህ ወዲህ ካቶሊክ ነው፣ በግልጽ። ከኢትዮጵያውያን ወላጆች ቆጵሮስ ላይ የተወለደው ዮሐንስ የዚህ ምሳሌ ነው፤ በዚህ ቤት ኖሮ በሮም እጅ ጳጳስ እስከመሆን ደረሰ። ሕንጻው ያው ነው፣ ቋንቋው ያው ግእዝ ነው፣ በቅዳሴው ላይ ስሙ የሚጠራው አባት ግን ሌላ ሆነ። አንድ ቤተ ክርስቲያን የማን እንደሆነ ማወቅ የፈለገ ሰው እኔን ቢጠይቀኝ መጀመሪያ እይ የምለው ይህንን ነው። ግድግዳው አይነግርሽም፣ ዲያቆኑ የማንን ስም እንደሚያነሳ ስሚ።

የሱስንዮስን ነገር ታውቂዋለሽ፣ አላስረዝመውም። ንጉሡ በ1622 ካቶሊክነቱን ገለጠ፣ ከአውሮፓ የመጣው ፓትርያርክ ሜንዴዝ ጥምቀቱንም ክህነቱንም እንደገና ካልሰጠሁ አለ፣ ታቦቱን፣ ቅዳሜን፣ ግዝረቱን ነካ፣ አገር ደም ተፋሰሰ፣ በ1632 «የአባቶች ሃይማኖት ይመለስ» ተብሎ ዙፋኑ ለፋሲለደስ ተሰጠ። ለእስጢፋኖስ ግን ውጤቱ ከባድ ነበር። ከዚያ ወዲህ «ሮም ሄጄ ነበር» ማለት አገር ቤት እንደ ድሮው የተሳላሚ ወሬ አይደለም። በ1638 ካፑቺን ከሚባለው የካቶሊክ ማኅበር ሁለት መነኮሳት ጎንደር ላይ ተሰቅለዋል። ሮም ላይ የቆየ መነኩሴ ተመልሶ ገዳሙ አይገባም። አዲስ የሚመጣም እየቀነሰ ሄደ። ሜንዴዝ በጥቂት ዓመት ያበላሸውን፣ ሲክስቶስ በአንድ ቤት ስጦታ የገነባው መተማመን ሊያድነው አልቻለም። ይህ የኔ ፍርድ ነው፣ አጥብቄ የማምንበት።

በዚህ የመጨረሻ ዘመን ላይ ግን አንድ መብራት አለ። በ1649 ሂዮብ ሉዶልፍ የሚባል የ25 ዓመት ጀርመናዊ ወደ ሮም መጣ። ሉተራዊ ነው፣ ልብ በዪልኝ። ግእዝን ከመጽሐፍ ብቻ ተምሮ ሰው ያጣ ወጣት ነበር። እስጢፋኖስ ሄዶ አባ ጎርጎርዮስን አገኘ። ጎርጎርዮስ የአማራው የመካነ ሥላሴ ሰው ነው፣ አፉን የፈታው በአማርኛ ነው፣ ከኢየሱሳውያን ጋር የቆመ ስለነበረ ከአገሩ ተሰድዷል። የሁለቱ መገናኛ ቋንቋ ግእዝ ሆነ። በ1652 ሉዶልፍ የሚያገለግለው የጎታው መስፍን ኤርንስት ጋብዞት ጎርጎርዮስ ጀርመን ወረደ። ሉዶልፍ በ1661 የግእዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት፣ በ1681 የኢትዮጵያን ታሪክ፣ በ1698 የአማርኛ ሰዋስው አሳተመ። የአማርኛው መሠረት ጎርጎርዮስ ነው። እሱ ግን አላየውም፣ በ1658 ወደ አገሩ ሊመለስ ሲል እስክንድርያ ሳይሆን እስክንድሩና በምትባለው በሶርያ ባሕር ዳርቻ አካባቢ መርከብ ሰጥማ ሞተ። ካቶሊክ የሆነ ሐበሻና ሉተራዊ ጀርመናዊ፣ በጳጳሱ ግቢ ውስጥ ተገናኝተው፣ አሁን አንቺና እኔ የምንጻጻፍበትን ቋንቋ ለአውሮፓ አስተዋወቁ።

ከዚያ በኋላ ቤቱ ጸጥ አለ። ሐበሾቹ እየሳሱ ሄደው ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ወዲህ የቀድሞው ማኅበር አልቀጠለም። ጳጳስ ክሌመንት 11ኛ በ1706 አሳደሰው፣ የፊት ገጹ የዚያ እድሳት ነው። መነኮሳቱ ሲገለብጧቸውና ሲያነቧቸው የኖሩ ብራናዎች ወደ ቫቲካን ቤተ መጻሕፍት ገቡ፣ የዛሬው የግእዝ ክምችታቸው ዋና መሠረት ከነሱ ነው። ወለሉ ላይና ግድግዳው ላይ የመቃብር ድንጋዮች ቀሩ፣ በግእዝ የተጻፉ አሉባቸው።

ሕይወት የተመለሰበት በ1919 ነው። ጳጳስ ቤኔዲክት 15ኛ በዚያው በአሮጌው ማረፊያ ለኢትዮጵያውያን ካቶሊክ ካህናት የሚሆን ትምህርት ቤት አቋቋመ። ጳጳሳዊ ኢትዮጵያዊ ኮሌጅ ይባላል። ቤቱ እርጥብና ጠባብ ነበር፣ ስለዚህ ፒዮስ 11ኛ በ1920ዎቹ መጨረሻ ከአትክልቱ ስፍራ ላይ፣ ከባዚሊካው ጀርባ ባለው ኮረብታ አዲስ ሕንጻ ሠራላቸው። ቫቲካን በ1929 ራሱን የቻለ ግዛት ሲሆን ኮሌጁ በአጥሩ ውስጥ ቀረ። በቫቲካን ግዛት ውስጥ ያለ ብቸኛው የካህናት ኮሌጅ ነው። የኢትዮጵያም የኤርትራም ተማሪዎች አልፈውበታል። የኤርትራ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በ2015 ራሷን ችላ ብትቆምም ሥርዓታቸው አንድ ነው፣ ግእዝ። ቅዳሴውን ብትሰሚ፣ ኦርቶዶክስ ሆነሽ ካደግሽ፣ ዜማውን ከሞላ ጎደል ታውቂዋለሽ። የሚለየው ጥቂት ቃልና ጥቂት ስም ነው። ግን ያ ጥቂት ስም ነው 451ን የሚሸከመው፣ ስለዚህ ትንሽ ነው ብዬ አላቃልለውም።

እንግዲህ ለአጎትሽ ንገሪው፤ ቤቱን አልቀሙንም፣ ግን ልክ ነህ፣ አያቶቻችን እዚያ ተዋሕዶ ሆነው ጸልየዋል። ለአክስትሽ ልጅም ንገሪው፤ ልክ ነህ፣ ሕንጻው ድሮም የሮም ነው፣ ግን ሲክስቶስ በሩን የከፈተላቸው ሰዎች አንተ በምታስበው መንገድ ካቶሊክ አልነበሩም። ሁለቱ ከዚህ በላይ ቢከራከሩ ስለ መነኮሳቱ ሳይሆን ስለራሳቸው ነው የሚከራከሩት።

ደግመሽ የምትሄጂ ከሆነ፣ እስጢፋኖስ እንደ ባዚሊካው ሰልፍ ተይዞ የሚገባበት ቦታ አይደለም። በቫቲካን ግዛት ውስጥ ስለሆነ ፈቃድ ይጠይቃል፣ አስቀድመሽ ጻፊላቸው። ፈቃድ ካላገኘሽ ባዚሊካው ጉልላት ላይ ውጪና ወደ ጀርባ፣ ወደ አትክልቱ ተመልከቺ፣ ኮሌጁ ከዚያ ይታያል። ደግሞም አንድ ነገር ያለ ፈቃድ ማየት ትችያለሽ። የባዚሊካው መካከለኛ የነሐስ በር ፊላሬቴ በሚባል ባለሙያ እጅ በ1445 ያለቀ ነው፣ ከአሮጌው ባዚሊካ ተነቅሎ የመጣ። ሰው ሁሉ የጴጥሮስንና የጳውሎስን ትልልቅ ምስሎች ፎቶ አንስቶ ያልፋል። አንቺ ጠጋ በዪና በምስሎቹ መካከል ያሉትን ቀጫጭን ረድፎች እያየሽ ውረጂ። የ1441 እንግዶች፣ ከግብጽና ከኢትዮጵያ የመጡት፣ እዚያ ተቀርጸዋል፣ ወደ ሮም ሲገቡ።